አበደረ ወይስ ተበደረ?

ልጆች ሆይ፥ እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ብዙ ስጦታ አንዱ ቋንቋ ነው። በቋንቋም ውስጥ ካሉት ቃላት ታላቁን ሥራ የሚሠራው ግስ ነው። «ልጅ፥ ውሻ፥ ድንጋይ» ብንል ሦስት ስሞች ጠራን እንጂ ገና ምንም አልተናገርንም። «ልጁ ውሻውን በድንጋይ መታው» ብንል ግን የተደረገው ነገር ይታወቃል፤ አድራጊው ማን እንደ ሆነ፥ የተጐዳውም ማን እንደ ሆነ ይለያል። እንግዲህ ግስን የሚለይ ሰው ነገርን ይለያል፤ ግስን የሚያደባልቅ ሰው ግን በዳይንና ተበዳይን፥ ሰጪንና ተቀባይን ያደባልቃል። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም።

እኔ በሐዋሳ ከተማ እንግሊዝኛ የማስተምር መምህር ነኝ። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በክፍሌ ከሚቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ በቤታቸው ሲዳሙ አፎ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ ወላይትኛ፥ አንዳንዶቹም አማርኛ ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም እንግዳ ቋንቋ ነው። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ዛሬ በትንሽነቱ ግስ ያልለየ ልጅ ነገ የሳይንሱንም የታሪኩንም መጽሐፍ ሲያነብ ይደናገራል። ስለዚህ ልጆችን ብዙ ጊዜ ሲያሳስቱ ካየኋቸው ግሶች ጥቂቶቹን እነግራችኋለሁ።

አስቀድመን «ሌንድ» እና «ቦሮ» የሚባሉትን ሁለት ግሶች እንመልከት። «ሌንድ» ማለት አበደረ ወይም አዋሰ ማለት ነው። «ቦሮ» ማለት ተበደረ ወይም ተዋሰ ማለት ነው። በአማርኛ አበደረና ተበደረ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው፤ የሚለያዩትም በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በ«አ» ቢጀምር ሰጪውን፥ በ«ተ» ቢጀምር ተቀባዩን ያመለክታል። እንግሊዞች ግን ለሰጪው አንድ ቃል፥ ለተቀባዩም ከዚያ ጋራ ፈጽሞ የማይመሳሰል ሌላ ቃል አላቸው። የእኛ ልጅ አንዱን ቃል ብቻ ያጠናና በሁለቱም ስፍራ ያገባዋል። ጓደኛውንም «ቦሮ ሚ ዩር ፔን» ይለዋል። ሊናገር ያሰበው «እስክሪብቶህን አውሰኝ» ነው፤ የተናገረው ግን «እስክሪብቶህን ተዋሰኝ» እንደ ማለት ነው። እንደዚሁም «ቲች» ማለት አስተማረ፥ «ለርን» ማለት ተማረ ነው። ሁለቱን የማይለይ ልጅ መምህሩን ተማሪ፥ ራሱንም መምህር ያደርጋል።

በአንጻሩ ደግሞ እኛ የምንለየውን እንግሊዝኛ የማይለይበት ስፍራ አለ። እኛ ገንዘብና እህል እንበደራለን፤ ስንመልስም ያንኑ ብር፥ ያንኑ እህል ሳይሆን ልኩን እንመልሳለን። መጽሐፍና መጥረቢያ ግን እንዋሳለን፤ የምንመልሰውም ያንኑ የተዋስነውን ዕቃ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮ» ይላል። ከዚህ የምንማረው፥ ቋንቋ ሁሉ የሚጠነቀቅበት የራሱ ስፍራ እንዳለው ነው። ስለዚህ አንዱን ቋንቋ በሌላው ሚዛን መመዘን አይገባም።

በክፍል ውስጥ ይህን የማስተምረው በእጅ ነው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አቆማለሁ፤ ለአንደኛውም እስክሪብቶ እሰጠዋለሁ። እስክሪብቶው ከእጁ የሚወጣበት ልጅ «ሌንድ» ይላል። እስክሪብቶው ወደ እጁ የሚገባለት ልጅ «ቦሮ» ይላል። ደግሞም ለእያንዳንዱ ግስ ባልንጀራ አለው፤ «ሌንድ» ከ«ቱ» ጋራ ይሄዳል፥ ይኸውም «ለ» ማለት ነው። «ቦሮ» ከ«ፍሮም» ጋራ ይሄዳል፥ ይኸውም «ከ» ማለት ነው። ለሰው ያበድራሉ፤ ከሰው ይበደራሉ። ግስን ከባልንጀራው ጋራ ያጠና ልጅ ቶሎ አይረሳውም።

ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የሚከተለውን ይስማ። በሐዋሳ ዓሣ የሚነግድ አንድ ሰው ዐውቃለሁ። በልጅነቱ ጥቂት እንግሊዝኛ ተምሮ ነበርና እንዳይረሳው ብሎ የብድሩን ደብተር በእንግሊዝኛ ይጽፍ ነበር። ከነጋዴዎችና ከጀልባ ባለቤቶች ጋራ ሲበዳደር ስሙንና ገንዘቡን ይጽፍና በመካከሉ «ቦሮ» የሚለውን ቃል ያገባል። ሲያበድርም «ቦሮ»፥ ሲበደርም «ቦሮ» ይጽፋል። እርሱ ጤነኛ ሳለ ይህ ምንም አልጐዳውም፤ እያንዳንዱን በልቡ ያውቀው ነበርና።

አንድ ቀን ግን ድንገት ታመመ፤ አንደበቱም ተያዘ። ሚስቱ ደብተሩን ይዛ ወደ እኔ መጣችና «መምህር፥ ለመታከሚያ ገንዘብ ያስፈልገናል፤ ማን ዕዳ እንዳለበት ያንብቡልኝ» አለችኝ። ደብተሩን ከፍቼ ተመለከትሁ። የዘጠኝ ሰዎች ስም ተጽፏል፤ በእያንዳንዱም አጠገብ «ቦሮ» የሚል ቃልና የብር ልክ አለ። እኔም «እኅቴ ሆይ፥ ይህ ደብተር ብድር እንደ ነበረ ይናገራል፤ ያበደረውና የተበደረው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም» አልኋት። እርስዋም አዝና ወደ ቤትዋ ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎች ዘጠኙን ሰዎች ጠሩ። አስቀድማ የመጣች በመንገድ ዳር በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጥ አንዲት ድኻ ሴት ነበረች። ማንም ሳይጠይቃት «300 ብር አበድሮኛል፤ ዕዳው የእኔ ነው» ብላ ግማሹን በዚያው ቀን ከፈለች። ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ተናገሩ። ከእነርሱ መካከል ግን ሀብት ያለው አንድ ሰው «እኔ ነኝ ያበደርሁት» አለ። በደብተሩ የተጻፈው ቃል ይህን አያስተባብልም ነበርና ሴቲቱ ከሌላ ሰው ተበድራ ከፈለችው። ከጥቂት ወራት በኋላ በሽተኛው ዳነ፤ አንደበቱም ተፈታ። ነገሩንም ሲነግሩት «ያ ሰው አበዳሪዬ አይደለም፤ ተበዳሪዬ ነው» አለ። ሰውዬው በሽማግሌዎች ፊት ሲጠየቅ አመነ፤ የወሰደውንም ዕዳውንም ከፈለ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ውስጥ ያለ ምስክር የሚያበድረው ሰው አላገኘም።

ልጆች ሆይ፥ በዚያ ደብተር ውስጥ የጐደለው አንድ ግስ ብቻ ነበር። እውነተኛዪቱ ሴት ጐዶሎውን ከራስዋ አፍ ሞላችው፤ ሐሰተኛው ሰው ግን እንደ ተከፈተ በር ገባበት። ሰው ሁሉ እንደዚያች ሴት ቢሆን ኖሮ ግስን መለየት ባላስጨነቀን ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ እንዲህ አይደለምና ስንጽፍ በሩን ዘግተን መጻፍ ይገባናል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። በክፍል ውስጥ የጓደኛውን እርሳስ ሳይጠይቅ የሚወስድ ልጅ አለ። ሲያዝም «ተዋስሁት እንጂ አልሰረቅሁትም» ይላል። ወሰደ በእንግሊዝኛ «ቴክ» ነው፤ ተዋሰ «ቦሮ» ነው፤ ሰረቀ ደግሞ «ስቲል» ነው። በሦስቱም ዕቃው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ታዲያ ልዩነታቸው በምን ይታወቃል? በባለቤቱ ፈቃድና በመመለሱ ይታወቃል። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ተዋስሁ ማለት አይቻልም። እንግዲህ ግስን የሚለውጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ ባለማወቅ፥ አንዳንድ ጊዜም በደሉን ለመሸፈን ይለውጣል። ባለማወቅ የሚስተውን ትምህርት ያድነዋል፤ በተንኰል የሚስተውን ግን ንስሓ ያድነዋል እንጂ መዝገበ ቃላት አያድነውም።

አሁን ደግሞ አንዱ የአማርኛ ግስ ብዙ የእንግሊዝኛ ግሶችን የሚይዝበትን ምሳሌ እንመልከት። በሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል የሚባል ስፍራ አለ። ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶና አምባዛ በጀልባ ያመጣሉ፤ በዳርቻውም ያርዱታል። በዚያም አባ ኮዳ የሚባሉ ታላላቅ ወፎች፥ ራሳቸው መላጣ፥ መንቈራቸውም ረጅም የሆነ፥ ከሰው አጠገብ ቆመው ይታያሉ። አባ ኮዳው ዓሣውን ይጠብቃል። የዓሣው ባለቤትም ዓሣውን ይጠብቃል። ግሱ አንድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ምን ያህል ይራራቃል! ወፉ የሚጠብቀው ሊበላው ነው፤ ሰውዬው የሚጠብቀው እንዳይበላበት ነው። በእንግሊዝኛ ለወፉ «ዌይት» ይባላል፤ ለሰውዬው «ጋርድ» ይባላል። ደግሞም «ዛሬ ብዙ ዓሣ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ» ቢል ይህ ሦስተኛ ነው፤ እርሱም «ኤክስፔክት» ይባላል። እንግዲህ አባትህ «ጀልባዋን ጠብቅ» ቢልህ፥ እስክትመጣ ቆየኝ ማለቱ ነውን? ወይስ እንዳትሰረቅ ተመልከታት ማለቱ ነው? ጀልባዋ በዐይንህ ፊት ታስራ እንደ ሆነ ነገሩ ይታወቃል። ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው ግን አስቀድመህ ሐሳቡን መምረጥ ግድ ይሆንብሃል።

«ሂር» እና «ሊስን» የሚባሉትም ግሶች ብዙ ልጆችን ያሳስታሉ። «ሂር» ማለት ሰማ ነው፤ «ሊስን» ማለት አዳመጠ ነው። የደወል ድምፅ ወደን ሆነ ሳንወድ ወደ ጆሯችን ይገባል፤ ይህ መስማት ነው። የመምህሩን ቃል ግን ልባችንን ካልመለስን አናገኘውም፤ ይህ ማዳመጥ ነው። በክፍል ውስጥ አርባ ልጆች ቢቀመጡ አርባውም ይሰማሉ፤ ያዳመጡት ስንት እንደ ሆኑ ግን በፈተና ቀን ይታወቃል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እንግሊዝኛ አስቸጋሪ ነው፤ አማርኛ ግን ግልጽ ነው» ይል ይሆናል። እስኪ «ልጁ ይመታል» የሚለውን አንብቡ። «መ»ን አላልተን ብናነበው ልጁ ሌላውን ይመታል ማለት ነው። አጥብቀን ብናነበው ግን ልጁ ራሱ በሌላ ይመታል ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይምና መቺውና ተመቺው በአንድ ዐይነት ፊደል ይጻፋሉ። «ይሰማል» የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ሰሚውንም የሚሰማውንም ድምፅ ይናገራል። አንባቢ የሚለያቸው የፊቱንና የኋላውን ቃል አይቶ ነው። እንግዲህ እናንተ አማርኛ ስታነቡ ዕለት ዕለት የምታደርጉትን ጥንቃቄ በእንግሊዝኛም ብታደርጉት ሥራው አዲስ አይሆንባችሁም።

የአገራችን ሊቃውንትም ግስን እጅግ ያከብሩ ነበር፤ ዛሬም ያከብራሉ። በቅኔ ቤት ተማሪው ከቅኔው ጋራ የግእዝ ግስ ያጠናል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሠርተውት ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት በስሙ ውስጥ «ግስ» የሚል ቃል አለበት። የእንግሊዝኛውም ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ኢዘንበርግ የተባለ ወንጌላዊ መምህር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1841 የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በለንደን አሳትሟል። ባለ ቅኔ አንዱን ግስ ለሁለት ፍቺ፥ ለሰምና ለወርቅ፥ አውቆ ይጠቀምበታል፤ ይህም ጥበብ ነው፥ ሰሚውንም ደስ ያሰኛል። በውልና በደረሰኝ ላይ ግን ሁለት ፍቺ ያለው ግስ ጌጥ አይደለም፤ የጠብ ዘር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር የውጫሌ ውል ነው። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በወሎ፥ በውጫሌ፥ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ውል አደረጉ። የኢጣልያ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ነበረ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው ክፍል የአማርኛው ጽሕፈት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች ነገሥታት ጋራ በሚጻጻፉበት ጊዜ ቢወዱ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጻጻፉ ይቻላቸዋል የሚል ሐሳብ ነበረው። የኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነበረ። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዐፄ ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው ከተመለሰላቸው መልስ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። «ይቻላል» እና «ግድ ነው» በሚሉት በሁለቱ መካከል የአንድ አገር ነጻነት ቆሞ ነበር። በእንግሊዝኛም እነዚህን የመሰሉ ሁለት ግሶች አሉ። «ሜይ» ማለት ቢወድ ይችላል፥ ተፈቅዶለታል ማለት ነው። «መስት» ማለት ግድ ነው ማለት ነው። እናንተ ከክፍል ለመውጣት ስትፈልጉ እጃችሁን አንሥታችሁ «ሜይ አይ ጎ አውት» ትላላችሁ፤ ይህም ፈቃድ መለመን ነው። በ«ሜይ» ፈንታ «መስት» ብትገቡበት ልመናው ሌላ ነገር ይሆናል።

ዐፄ ምኒልክ ስሕተቱ እንዲታረም ብዙ ጊዜ ተከራከሩ። ባይሆንላቸው በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ከዚያም ጦርነት ሆነ፤ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በዐድዋ የኢትዮጵያ ጦር ድል አደረገ። በ1889 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአዲስ አበባ በተደረገው አዲስ ውል ኢጣልያ የውጫሌን ውል ሻረች፤ የኢትዮጵያንም ነጻነት አወቀች። ጦርነቱን ያመጣው አገር ለመያዝ የነበረው ምኞት ነው እንጂ ግስ ብቻውን አይደለም። ነገር ግን ያ ምኞት በዓሣ ነጋዴው ደብተር እንደ ገባው ሐሰተኛ ሰው፥ በአንድ ግስ በር ገባ። ለመዝጋቱም የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ።

ይህን ስነግራችሁ ፍርሃት እንዳይዛችሁ፤ መሳሳትን የሚፈራ ልጅ አይናገርም፥ የማይናገርም ልጅ ቋንቋ አይማርም። እንግሊዞች ራሳቸው የማይለዩዋቸው ግሶች አሏቸው። «ላይ» የሚሉት ግስ ጋደም አለ ማለት ነው፤ ሐሰት ተናገረም ማለት ነው። «ሌይ» የሚሉት ደግሞ አጋደመ፥ አስቀመጠ ማለት ነው። ነገር ግን ጋደም አለ የሚለውን ስላለፈው ጊዜ ሲናገሩ «ላይ» ተለውጦ እርሱም «ሌይ» ይሆናል። በዚህ ምክንያት በእንግሊዝ አገር ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ስፍራ ያገቡታል። እንግዲህ እናንተ ብትስቱ አታፍሩ፤ ሲያርሟችሁ ግን አትቈጡ።

ለጥንቃቄም አራት ነገር ያዙ። አንደኛ፥ ግስ ስታጠኑ ብቻውን አታጥኑት፤ ከነባልንጀራው፥ በሙሉ ዐረፍተ ነገር አጥኑት። ሁለተኛ፥ ከመናገራችሁ በፊት «አድራጊው ማን ነው? ተቀባዩስ ማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሦስተኛ፥ አንዱን የአማርኛ ግስ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱ «ስንት ሐሳብ ይዟል?» በሉ፤ ጠበቀ የሚለውንና አባ ኮዳን አስቡ። አራተኛ፥ ስለ ገንዘብና ስለ ተስፋ ቃል በምትጽፉበት ጊዜ በደንብ በምታውቁት ቋንቋ ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለሌላ ሰው አንብቡለትና የተረዳውን እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እርሱ የተረዳውና እናንተ ያሰባችሁት አንድ ቢሆን ጽሕፈቱ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ግን፥ ልጆቼ፥ ግሱን በአፋችሁ ከመለየታችሁ ጋራ በሥራችሁ ለዩት። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ ባለቤቱ ሳይጠይቃችሁ መልሱ። የተበደራችሁትን ገንዘብ «ተበደርሁ» በሉ። የሰማችሁትን ምክር አዳምጡት። አደራ የተሰጣችሁን ዕቃ ስትጠብቁ እንደ ባለቤቱ ጠብቁት እንጂ እንደ አባ ኮዳው አትጠብቁት።